የአባባን ዕድሜ ልናስቀንስ አጋሮ ሄድን

ከጅማ የተነሳነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። አባባ ቡና የሚጭን የመንግሥት መኪና ሾፌር ነው። በወረቀቱ ላይ ሃምሳ አምስት ዓመት ስለሞላው ሰኔ ላይ ጡረታ ውጣ ተብሏል። እሱ ግን "መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አራት ዓመት ጨምሬ ነው፤ ገና ሃምሳ አንዴ ነው" ብሎ ሙጭጭ አለ። መሥሪያ ቤቱም ልጅነትህን የሚያውቅ ሽማግሌ አስመስክር አለው። ሽማግሌው ያሉት አጋሮ ነው። እኔ የተከተልኩት አንድም ቤት መቀመጥ ስለማልወድ፣ አንድም መንገዱን ሙሉ ልጨቀጭቀው ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረምሳ የአጎቱን ቶዮታ ይዞ የሽንኩርት መደብ ላይ ወጣ። ሰው አልተጎዳም፤ ሽንኩርቱ ግን አለቀለት። እሑድ በቀበሌ ስብሰባ የመንጃ ፈቃድ ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ወደ ሃያ አንድ ከፍ ይበል ሲባል፣ አባባ ለድጋፍ ሁለቱንም እጁን አወጣ። እኔ ደግሞ አሥራ ስምንት የሞላኝ ዘንድሮ!

ይቡ

በተሳፈርንበት ላንድሮቨር ውስጥ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቀናል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ግራና ቀኙ ቡናው አብቦ ሽታው ከናፍጣው ጋር ይታገላል። ይቡ ስንቆም በስሙኒ ሙዝ ገዛሁና ጀመርኩ።

"አባባ፣ አንተ በአሥራ አራት ዓመትህ ነድተህ እኔ በአሥራ ስምንት የማልነዳው ለምንድነው?"

"እኔና አንቺ አንድ ነን? እኔ ያኔ ሙሉ ሰው ነበርኩ!"

አጠገባችን ቅቤዋን ታቅፋ የተቀመጠች ነጋዴ ሳቀች። "ወላሂ፣ የኔም ባል እንዲሁ ነው! በሰባት ዓመቱ ነብር ገድሏል፤ ዛሬ አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ ይወጣል።"

መኪናው ሙሉ አውካካ። አባባ እስከ አጋሮ ድረስ መስኮት መስኮቱን አየ።

አጋሮ፣ ረፋዱ ላይ

አባባ ያደገው እዚህ፣ አንድ ቡና ነጋዴ ቤት ነው። የምንፈልጋቸው ሽማግሌ አባ ፎጊ የነጋዴው ልጅ ናቸው። "ያ ታደሰ! አካም ጅርታ?" ብለው አቀፉት። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይገናኝ ገንፎ በቅቤና በማር ቀረበልን።

"ጣሊያን ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ እንደነበርኩ ይመስክሩልኝ" አላቸው አባባ።

"ስድስት?" ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ። "በዚያ ዓመት በቅሎ ላይ ቡና ስንጭን አንተ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው አልነበርንም? የስድስት ዓመት ልጅ ፈረሱላ ሙሉ ቡና ያነሳል?"

"ትንሽ ነበርኩ እኮ፣ አባ ፎጊ።"

"አጭር ነበርክ! እኔ አሥራ ሦስቴ ነበር፤ በአንድ ዓመት ብበልጥህ ነው። በአላህ ስም አልዋሽልህም።"

ያኔ አሥራ ሁለት ከነበረ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። አባባ ሃምሳ አንድም፣ ሃምሳ አምስትም አይደለም፤ ሃምሳ ሰባት ነው! መንጃ ፈቃድ ያወጣውም በአሥራ አራት ሳይሆን በሃያ ዓመቱ ነው።

"መንጃ ፈቃዱን ባወጣበት ዓመት የአባቴን ፊያት ረግረግ ውስጥ መገልበጡንስ ነግሮሻል?" አሉኝ።

አልነገረኝም። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። "ታዲያ ከሰኔ በኋላ ጠዋት ተነስቼ የት እሄዳለሁ?" አለ፣ ለማናችንም ሳይሆን። ሳቄን ዋጥኩት።

ወደ ጅማ

ይቡን እንዳለፍን አባባ በድንገት ወደ እኔ ዞረ። "በሃያ ዓመቴ ገልብጫለሁ አይደል? እንግዲያው ሃያ አንድ ልክ ነው!"

"ማን ነበር ያስተማረህ?" አልኩት።

"ማን ያስተምረኛል? ቁልፉን ሰጥተው ሂድ አሉኝ።"

"የገለበጠህ እሱ ነዋ! ያላስተማሩት ሰው በሠላሳም ይገለብጣል።"

ጢሙን ዳበሰ፤ አልተቃወመም። ከጉዞው ያተረፍኩት ይህንኑ ነው። ዕድሜ ይጨመር የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ይመድቡ። የቀበሌ ስብሰባ ላይም ተነስቼ ይህንኑ እናገራለሁ።

እማማ በር ላይ ጠበቀችን። "ተሳካ?"

"ሁለት ዓመት ጨምሮ መጣ" አልኳት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

አባባ ጫማውን እያወለቀ፣ "ከሰኔ ጀምሮ በጎረቤታችን ቮልስ አስተምራታለሁ" አለ። "ሦስት ዓመት፤ ሃያ አንድ እስኪሞላት።"

"ሦስት ወር!" አልኩ።

እራት ቀርቦ እስኪነሳ ተከራከርን። አሁን አንድ ዓመት ላይ ደርሷል፤ ገና ይወርዳል።