የሎቲ የግራ እጅ ቋጠሮ

ሎቲ ማዙሬክ የምትጽፈው በቀኝ እጇ ነው፣ የምታማትበውም በቀኝ እጇ ነው፤ ሥራ ሲሆን ግን በግራዋ ነበር። ልጅ ሳለች ያስተማረቻት መነኩሲት ግራ እጇን ከወንበሩ ጋር በመቀነት እያሰረች ነው ቀኙን ያስለመደቻት። «ፊደሉን ወሰዱብኝ፣ ሌላውን ግን አልሰጠኋቸውም» ትል ነበር። እኔ ቨርና ጓደኛዋ ነኝ፣ ይህን የምጽፈው ስለዚያች ግራ እጅ ነው። ስለ ራሴም ነው። እሱጋ እደርሳለሁ፤ ትንሽ ብዘገይ አትፍረዱብኝ።

የተዋወቅነው በ1961 ነው፣ እዚሁ ቺካጎ በሰሜን ምዕራብ በኩል በነበረው የፒንቦል መጫወቻ ማሽን ፋብሪካ። ፒንቦል የሚጫወት ሰው የሚያየው ከላይ ነው፦ መስታወቱን፣ የተሳሉትን ቆነጃጅት፣ መብራቱን፣ ከደወል ደወል እየተላተመች የምትሮጠውን የብረት ኳስ። እኛ ሴቶቹ የምናውቀው ሆዱን ነበር። አንዱ ማሽን ሆዱ ውስጥ ግማሽ ማይል ሽቦ አለው ይባል ነበር፤ እኔ ለክቼው አላውቅም፣ እጄ ግን ያምናል። ሚስማር የተመታበት ረጅም ሳንቃ ላይ ሽቦውን በየቀለሙ እንዘረጋና፣ በየሁለት ጣቱ ሰም በተቀባ ሲባጎ እየቋጠርን አንድ ጥቅል እናደርገዋለን። ለአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሴት ነው፣ ፊት ለፊት፣ እያንዳንዷ በየራሷ ሳንቃ። የእኔ ፊት ለፊት ሎቲ ነበረች።

ገና የገባች ዕለት ፎርማኑ አይቷት፣ «ግራኝ አታምጡብኝ፣ ሥራውን ታጣምምብኛለች» አለ። ምሳ ሰዓት ሲደወል እኛ ሁለት ስንጨርስ እሷ ሦስት ጨርሳ ተነሳች።

«ጠመመ?» አለችው።

መጥመሙንስ ጠሟል። የሁላችንም ቋጠሮ ወደ ቀኝ ሲያጋድል የእሷ ወደ ግራ ያጋድላል፤ የሲባጎውንም ጫፍ መልሳ ከጥቅሉ ሥር ትደብቀዋለች። ፎርማኑ በጣቱ ነካክቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር «ሎቲጋ ሄደሽ ተማሪ» ማለት ጀመረ።

የሚገርመው፣ በዚያ ዘመን በከተማችን ፒንቦል መጫወት በሕግ ክልክል ነበር። መሥራት ይቻላል፣ መጫወት አይቻልም። ሎቲ በዚህ ስትስቅ፣ «እኛ እኮ መነኮሳት ነን፤ ኃጢአቱን የምንሠራው ለሌላ ከተማ ሰው ነው» ትላለች። ማታ ባሏ ስታስ በዳቦ መኪናው መጥቶ ይወስደናል። መኪናው ውስጥ ከባዶ መደርደሪያዎቹ መሀል ቆመን፣ የአጃው ዳቦ ሽታ እንዳወደን እስከ ሰፈራችን እንሄዳለን። ስታስ በልቡ ምክንያት ገና በአርባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ልጃቸውን ብቻዋን አሳደገችና እሱም አሪዞና ሄደ። እኔ አላገባሁም። ስለዚህ ሎቲና እኔ ነበርን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቢንጎ፣ እሑድ ጸሎት፣ የቀረውን ቀን ስልክ።

ኤሌክትሮኒክሱ ሲመጣ ሽቦው አነሰ፣ እኛም በ1980 ተቀነስን። ያኔ የእኛን ማሽኖች የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሲሰሮ በምትባለው ጎረቤት ከተማ መጠጥ ቤት የነበረው የእህቴ ባል ሁለቱን በሃምሳ ዶላር ውሰዱልኝ ብሎ ሰው ቢያጣ፣ በመጨረሻ የሚጎትትለትን ሰው ከፍሎ አስጣላቸው።

ከዚያ ዓመታት አለፉና፣ በሌሎች ከተሞች በየመጠጥ ቤቱ አባታቸውን ሲጠብቁ ፒንቦል ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ጡረታ ወጡ። ሰፊ ምድር ቤት አላቸው፣ ጊዜ አላቸው። መፈለግ ጀመሩ። አምስት መቶ ሲባል ሰማን። ሁለት ሺህ ሲባል ሎቲ አላመነችም። ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤት ከዘጋበት በኋላማ ስድስት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ። እያንዳንዱን ሆድ ገልብጠው በባትሪ ያዩታል፤ ቀለሙ የጥንቱ ነው ወይ፣ ሽቦው አልተነካም ወይ ይላሉ። እንዲህ ሲያዩ ነው ወደ ግራ የሚያጋድለውን ቋጠሮ ያገኙት።

አንድ ማክሰኞ አንድ ጺማም ሰውዬ ቢንጎ መሀል ገብቶ፣ «ይቅርታ፣ ፋብሪካው ውስጥ በግራ እጇ ታስር የነበረች ሴት ታውቃላችሁ?» አለ።

ሰባት አሮጊት በአንድ አፍ «ሎቲ» አልን።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሎቲ፣ ካርዷን ሳትለቅ።

ምንም አላጠፋችም። የእሷ ቋጠሮ ያለበት ማሽን ከሌላው በሺህ፣ በሺህ አምስት መቶ ይበልጥ ጀመር። ይጋብዟታል፣ ፎቶ ያነሷታል። ዓይኗ በዚያ ጊዜ ደክሞ ነበር፤ መሀሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የምታየው። ስለዚህ ደረጃ ስትወርድ ክንዴን ትይዛለች፣ የትም የምወስዳት እኔ ነኝ። «ለሲባጎ ነው እንዴ ገንዘብ የሚከፍሉት? እብዶች» ትለኛለች፤ ግን ደስ ይላታል። ሰዎቹ እጇን ሲጨብጡ «ግራውን ይስጡን» ይሏታል።

እኔን ቦርሳ ያስይዙኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንኑ ሳንቃ አስሬያለሁ፣ ያንኑ ሲባጎ። ቀኝ እጄ እንደ ሰው ሁሉ ቀኝ ስለሆነ ዱካ አልተወም። ይሄ ነገር ከነከነኝ።

ራስል የሚባል ማሽን አዳሽ ነጋዴ ነገሩን ሳያየው አልቀረም። ቤቴ መጣ።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«እንዴት እንደምታስር ያውቁታላ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

«እንግዲህ ስንዝር ብቻ ነች» አለ፣ በጣቱ እየለካ። «የጥቅሉን የመጨረሻዋን ስንዝር ፈትተው እንደ እሷ ቢያስሯት ማን ይጎዳል? ያው ከአንድ ጠረጴዛ የወጣ ሥራ ነው። አሮጌ ሲባጎ እኔ አመጣለሁ።»

ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለት መቶ ዶላር ሰጠኝ። ገንዘቡ ቸግሮኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀና ብዬ እጽፈው ነበር። አልቸገረኝም። ጋራዡ ውስጥ ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ስቋጥር የተሰማኝ ደስታ ነው። ፊት ለፊቷ ስለኖርኩ ግራዋ ለእኔ እንደ መስታወት ነበር፤ እጄ ተከተለው። ራስልም በባትሪ አይቶ፣ «ሎቲ ራሷ» አለ። እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ዘጠኝ ማሽን አሰርኩለት።

በጥቅምት ሎቲን ወደ ማሽን ሰብሳቢዎቹ ዓመታዊ ገበያ ወሰድኳት፣ ከከተማው ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ። ሁለት መቶ ማሽን አንድ ላይ ይጮሃል። ሰማያዊ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ራስል ከዘጠኙ አንዱን ይዞ እንደሚመጣ አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ፤ አትነካውም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አንድ ገዢ ከማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ስሙን አልጽፍም፣ ምክንያቱን ታያላችሁ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በዚያው ዓይነት ማሽን አባቱ መጠጥ ቤት ውስጥ አጫውቶታል። ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ተባብለው ሊጨርሱ ነው።

«ወይዘሮ ሎቲ፣ የእርስዎ መሆኑን ከአፍዎ ልስማ» አላት፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ራስል ሆዱ እንዲታይ የማሽኑን መጫወቻ ሳንቃ ቀና አደረገ። ሎቲ ቦርሳዋን ሰጠችኝና ግራ እጇን ወደ ሆዱ አስገባች። ጣቶቿ በጥቅሉ ላይ ሄዱ፣ እንደ መቁጠሪያ። ከጫፉ ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ቆሙ። አውራ ጣቷ ሁለቴ ሄደ መጣ። ቦርሳዋ እጄ ላይ ከበደኝ።

«ይሄ የእኛ ጠረጴዛ ሥራ ነው» አለች።

ሰው አጨበጨበ። ገዢው ግራ እጇን ሳመ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም።

መኪና ውስጥ፣ «ራበሽ?» አልኳት።

«አልራበኝም።»

ሦስት መብራት አለፍን። አራተኛው ቀይ ሆኖ ያዘን።

«ቨርና።»

«ወዬ።»

«ግራ እጄን ስንት ሸጥሽው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገርኳት። ስንት ማሽን እንደሆነም ነገርኳት።

«መነኩሲቷ እንኳ አሰረችው እንጂ አልሸጠችውም» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ ነፉብኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። ይሄን መጠየቄ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በይኝ ከማለት በፊት የጠየቅሁት ይሄን ነው።

«ሦስተኛው ላይ ታጠብቂያለሽ። ሁልጊዜ። ሽቦው እስኪያለቅስ ነው የምታጠብቂው። እጅሽ እዚያ ሲደርስ ይቸኩላል፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ተቆጣጣሪው እንዳይመልስብሽ፣ አንቺ ለምሳ ስትወጪ ስንቱን ፈትቼ አስሬልሻለሁ መሰለሽ?»

«አልነገርሽኝም።»

«ምን ብዬ? ጥሩ ሠራተኛ ነበርሽ። አንዲት ቋጠሮ ናት።»

የእኔን እጅ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የተቆጣሁት። የምታውቀው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷኑ ሸጥኩ።

ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ሳትወርድ ትንሽ ተቀመጠች። «እኔ ውሸት አልተናገርኩም» አለች። «የእኛ ጠረጴዛ ነው ያልኩት። ሰውየው ግን ውሸት ሰምቶ ሄደ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ላንቺ ብዬ። በሥራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ሂጂና ንገሪው፣ ፍቺውም።»

በሳምንቱ መቀስና ሲባጎ በቦርሳዬ ይዤ ገዢው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ፕለም ያለበት ኬክ ቆረሰችልኝ፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ከዚያ እሱ ወደ ምድር ቤት አወረደኝ። ማሽኑ በርቷል፣ በላዩ ግድግዳ ላይ የአባቱ ፎቶ አለ። የሠራሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። መሀል ላይ እጁን ሰዶ ማሽኑን አጠፋው።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሎቲና ሻጩ።»

«እንግዲያው ማንም አያውቅም።»

«ገንዘብዎን እንዲመልስ እኔ ራሴ...»

«ገንዘቤን አልፈልግም። ትናንት አንዱ አሥራ አንድ ሺህ ብሎኛል።» መቀሱን እጄ ላይ አየው። «እሱን ወደ ቦርሳዎ ይመልሱት፣ እማማ።» ክፉ ሰው አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ለልጅ ልጆቼ፣ ያቺ በፎቶ ያያችኋት ሴት ናት ያሰረችው ብዬ አሳይቻቸዋለሁ። ይተዉልኝ።»

ተመልሼ ለሎቲ ነገርኳት።

«አላስፈታም አለ?»

«አላስፈታኝም።»

«ኬክ ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ።»

«በላሽ?»

«በላሁ።»

ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ከቀሩት ስምንት ገዢዎች ሁለቱን አገኘሁ፤ አንዱ ስልኩን ዘጋብኝ፣ ሌላኛው እንዳልሰማሁ ቆጥሬዋለሁ አለኝ። ራስል ስልኩን ለውጧል። የሰጠኝን ገንዘብ ሎቲ አታስነኪኝ ስላለች ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሰጠሁ፤ ቄሱ አመስግነው ስሜን ከመድረክ ጠሩ። እሱንም ተቀምጬ ሰማሁ።

ሎቲ ባለፈው የካቲት ሞተች፣ በሰማንያ አምስት ዓመቷ። ከእንግዲህ የምታስር የለችም ብለው የማሽኖቿን ዋጋ እንደገና ከፍ አድርገውታል ሲሉ ሰማሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ያ ሾፌር ዝም በይልኝ ብሎኛል፣ ስሙን ጠብቄለታለሁ፤ የሎቲን ስም ግን እኔ የምሰጠው አይደለም። ማሽኑ ያላችሁ መጫወቻ ሳንቃውን አንሡና ከጥቅሉ ጫፍ ሦስተኛውን ቋጠሮ በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት። ሲባጎው ሽቦው ላይ እንዲሁ ተኝቶ ከሆነ የሎቲ ነው። ሽቦውን ቆርጦ የገባ ከሆነ የእኔ ነው፣ የቨርና።

አልተጣላንም። ማክሰኞ ማክሰኞ እየወሰድኳት ሄድን፣ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ቁጥሩን እያነበብኩላት ካርዷን ሞላሁላት። ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ አሥራ አራት ነው። ከዚያን ጥቅምት በኋላ ሁለተኛ ክንዴን አልያዘችም። የብረቱን መደገፊያ በግራ እጇ ይዛ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሯ እየፈለገች ትወርድ ነበር። እኔም ክንዴን እንደዘረጋሁ ከጎኗ እወርዳለሁ።