የአባቴ ንቦችና የጎረቤት አበባ

አባቴ በነፃ የሚሰጥ ነገር አይወድም። «በነፃ የሰጠህ ሰው ዋጋውን ገና አልነገረህም» ይላል። እኔም በዚህ በኩል የሱ ልጅ ነኝ። ስለዚህ የአፕል ችግኝ በነፃ ይታደላል ተብሎ ቀበሌ ስንጠራ፣ አባትና ልጅ ግንባራችንን ቋጥረን ነው የሄድነው።

ቤታችን ከደካ ከተማ ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ነው። ቡና አይሆንም፣ ይበርደዋል። እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ ነው ያለው። እኔ ያኔ ቦንጋ ዘመድ ቤት ተጠግቼ እስከ አሥረኛ ተምሬ፣ ፈተናው ጥሎኝ ተመልሻለሁ። ሰፈርተኛው ሲያየኝ «እንኳን መጣህ» ይላል፣ በሆዱ ግን «ወደቀ አይደል?» እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም ፊቱ ላይ ሊደብቀው አልሞከረም።

ቀበሌው ግቢ ሁለት ክምር ችግኝ ነበር። የልማት ሠራተኛዋ ከኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቦቲ ያጠለቀች ልጅ ናት።

«ይሄ አና ይባላል፣ ፍሬው ቀይ ነው። ያ ዶርሴት ነው፣ ቢጫ። ቀላቅላችሁ ውሰዱ።»

«ለምን እንቀላቅላለን?» አለ አባቴ።

«ሲቀላቀል ጥሩ ነው አባቴ።»

«ለማን?»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ዘር ቀላቅል የሚልህ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሊደብቅህ የፈለገው ነገር አለ ብሎ፣ ከቀዩ ክምር የቀሩትን ስድስቱን አና አፈስ አድርጎ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ከኛ ቀጥሎ ተሰልፎ የነበረው የአጥር ጎረቤታችን ነው። ለሱ ዶርሴት ብቻ ደረሰው። አንድ ጊዜ ብቻ አባቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ይሁን፣ ይመቻችሁ» አለ። እንደዚህ ብሎ ዝም የሚል ሰው ያስፈራል።

ስለዚህ ጎረቤት ልንገራችሁ። ድሮ ቀበሌ ጸሐፊ ነበር፣ ያኔ ደግሞ የአንድ ለአምስት መሪ ነው። አንድ ለአምስት ማለት አምስት ገበሬ ባንድ መሪ ሥር ተጠርንፎ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ እርከን ይወያያል የሚባለው ነው። ይባላል። መሪው ግን ማን ምን እንደሚል የሚጽፍበት ደብተር አለው፣ ደብተሩ ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። አባቴን ስንት ጊዜ ግባ ብሎታል። አባቴ ሁሌም አንድ መልስ ነው ያለው፦ «እኔ፣ ሚስቴና ልጄ ሦስት ነን። ሦስት ይበቃኛል።»

ችግኙን የተከልነው ከቤት ጀርባ ነው፣ አንድ ረድፍ እንሰት ተነቅሎ። አባቴ ያንን መሬት ሲሰጠኝ ጣቱን ዓይኔ ላይ ቀስሮ ነው። «ካፈራ ያንተ ነው፣ ሸጠህ ሰው ሁንበት። ካላፈራ በመጥረቢያ ነው። አንተም ታች ማንኪራ ወርደህ የሰው ቡና ትለቅማለህ።» ሰው ቤት ገብቼ የሰው ቡና እየለቀምኩ «አስተማሪ ልሆን ነበር» ብዬ ሳወራ ታየኝ። ስለዚህ እነዛን ስድስት እንጨቶች እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኳቸው።

አፕል ደሞ ጉደኛ ነገር ነው። እኛ አገር ቅጠሉን በራሱ ጊዜ አያራግፍም፣ ቅጠሉ ካልረገፈ ደግሞ ደህና አድርጎ አያብብም። በእጅ መላጨት አለበት። የልማት ሠራተኛዋ መጥታ አሳየችን፣ በዚያው ቀን አጥር ተሻግራ ለጎረቤትም አሳየች። አባቴ አንድ ቅርንጫፍ ከላጨ በኋላ «ዶሮ ከነነፍሷ መንጨት ነው ይሄ» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ሁሉንም እኔ ላጨሁት።

ሦስተኛው ዓመት ላይ አበበ፣ አፈራም። ግን እንዴት እንዳፈራ ስሙ። በአጥሩ ጥግ ያለችው ዛፍ አሥራ አንድ ያዘች። ከሷ ቀጥላ ያለችው አራት። ወደ ቤት የተጠጉት አንድም የላቸው። በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ሳይ፣ የሱም እንደዚያው! ወደኛ የተጠጉት ተሸክመዋል፣ የራቁት ባዶ ናቸው። ይሄ ሰው አንድ ነገር አድርጓል አልኩ።

የመጀመሪያዋን አና እናቴ በቢላ ለሦስት ከፈለችው። ቦንጋ እያለሁ ከውጭ የመጣ አፕል በልቻለሁ፣ ላዩ እንደ መኪና የተወለወለ፣ ውስጡ ቅቅል ድንች። ይሄ ግን ሌላ ነው። ዘለግ ያለ፣ ፀሐይ ያገኘው ጎኑ የቀላ፣ ስትነክሰው ቀጭ የሚል። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቆይቶ ጉንጭህ ሥር ኮምጠጥ ይላል። አባቴ አሸተተ፣ አላመጠ፣ ቆየ። «ውሃ ነው» አለ። ግን ልጣጩን ጭምር በላው።

በሳምንቱ የጎረቤታችን ሚስት ሦስት ቢጫ ዶርሴት በሳህን አድርጋ ላከችልን። የመጀመሪያ ፍሬ ለጎረቤት ማቅመስ ወግ ነው። አባቴ ሳህኑን እያየ፣ «እናንተ ብሉ፣ ነገ ከተነሳችሁ እኔ እቀምሳለሁ» አለ። እኔ ነከስኩት። ምን ልዋሽ፣ ከኛ ይበልጣል። ለስለስ ብሎ፣ ከንክሻው በፊት የማር ሽታ አፍንጫህ ይገባል። ይሄ ደግሞ አናደደኝ። እናቴ «የኛንም አንድ ሁለት አድርጌ ሳህኑን ልመልስ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» ብትል፣ አባቴ «የኛ ገና አልበሰለም በዪ» አለ። አጥር ላይ ቀይ ሆኖ እየታየ!

ከዚያ እኔ አፌን ከፈትኩ። ግማሽ ትምህርት ካለመማር ይከፋል የምለው ለዚህ ነው። እራት ላይ ለመራቀቅ ብዬ፣ «ፍሬ እንዲይዝ የሚያደርገው እኮ ንብ ነው» አልኩ። «ከአበባ አበባ እየዞረ ዱቄቱን ያዳርሳል። ባዮሎጂ ላይ አለ።»

አባቴ እጁ ቆጮው ላይ ቀረ። «የማን ንብ?»

ግቢያችን ዋንዛው ላይ አራት ቀፎ ነበረን። በዚያ ሰፈር ከኛ በቀር ግቢው ንብ የሰቀለ የለም።

«የኛ ነዋ» አልኩ።

«የኔ ንብ፣ የሱን ዛፍ ያስረግዛል?»

«እንደዚያ በለው።»

«አሃ!» አለ። «ለካ ለዚህ ነው የሱ ፍሬ በኛ በኩል የሚበዛው! በነፃ እያሠራኝ!»

ልብ በሉ፣ የኛስ ለምን በሱ በኩል በዛ ብሎ የጠየቀ የለም። እሱም አልጠየቀ፣ የተማርኩት እኔም አልጠየቅኩ። እንዲያውም «ልክ ነህ አባዬ» ያልኩት እኔ ነኝ። የሚቀጥለው አበባ ከመድረሱ በፊት አራቱንም ቀፎ ተሸክመን ታች ጫካ ወርደን ሰቀልናቸው። ሁለት ቦታ ተነድፌ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰው ላይ ክፋት ስትሠራ እብጠቱ አያምም።

ያ ዓመት አበባው! ስድስቱም ዛፍ ነጭና ሮዝ ለብሶ፣ መንገደኛ ቆሞ እስኪያይ። አባቴ ዓይን እንዳይበላው ብሎ የቀርከሃውን አጥር በአንድ ክንድ ከፍ አደረገው፣ የበሬ ቀንድም ሰቀለበት። ከዚያ አበባው ረገፈ። ፍሬ ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። አንድም! የጫካው ንብ ጫካው ውስጥ ስንት አበባ እያለለት እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ ተጣራ። «እንደምን አደሩ? ንቦቹን ምን አደረጓቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባቴ።

«የሉም እኮ!»

«የኔን ንብ እርስዎ ነዎት የሚቆጥሩት? እሱም ደብተሩ ላይ አለ?»

ጎረቤትየው ተመልሶ ሄደ። አባቴ ወደኔ ዞሮ እጁን አሻሸ። «አየህ? ነድዷል። የሱም አላፈራም።» ከዚያ ዓይኑ የኛ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ አረፈና ፊቱ ተለወጠ። «የኛንስ ምን አድርጎብን ነው? በዚያ በጀርባው በሚሸከመው መርጫ አንድ ነገር ረጭቶብናል።» ቀጠለና፣ «ለማንኛውም የሚመጣውን አበባ አያለሁ። ከዚያ መጥረቢያ ነው» አለ። መጥረቢያውንም በዚያው ቀን አስሎ በር ኋላ አቆመው። አባቴ ይዝታል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ያለውን ያደርጋል።

የልማት ሠራተኛዋን መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኳት። «መርዝ ነው አይደል?» አልኳት።

«ምን መርዝ? አና በራሱ ዱቄት ብዙም ፍሬ አይዝም። የዶርሴት ዱቄት ይፈልጋል፣ ዶርሴቱም የአናን። ቀላቅሉ ያልኳችሁ እኮ ለዚህ ነው!»

«ለምን ያኔ አልነገርሽንም?»

«አባትህ ያስጨርሳል?»

አላመንኳትም። ቤቴ ሄጄ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፣ አምና የትኛው ዛፍ እንደያዘ፣ የትኛው እንዳልያዘ አስታወስኩ። ሦስት ዓመት ጠላት እያልኩ ስጠብቀው የነበረው ሰው ዛፍ ነው ለካ የኔን ዛፍ ፍሬ ያስያዘው። ቀፎውን ጫካ ያወረድኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። «ማን ነገረህ?» «የልማት ሠራተኛዋ።» «እሷን ማን ላካት?» በቃ፣ ያ ነገር አለቀ። ቀፎ አይመለስም።

የሚቀጥለው አበባ ሲፈነዳ ቀን ቆጠርኩ። አበባ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ንብ ከሌለ በእጅ ይቻላል ብላኛለች የልማት ሠራተኛዋ፣ የዶርሴት አበባ ቆርጦ የአናው አበባ ልብ ላይ መነካካት። አባቴ ገበያ ሲወርድ ጠብቄ ጎረቤት በር ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ አበባ ይስጡኝ።»

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ለምን?»

ነገርኩት። የሱንም ከኛ አና አምጥቼ እነካካለሁ አልኩ። እንደኛ ቤት ሰው ነው የሚያስበው፣ ከኋላው ምን አለ እያለ።

«አባትህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እሺ። እኔም አንድ ነገር ልለምንህ። አራት ገበሬ ነው ያለኝ። አምስተኛው ጎድሎብኝ በየስብሰባው እየተገመገምኩ ነው። አንተ መሬት ተሰጥቶሃል፣ ትችላለህ። ፈርምልኝ።»

«አበባ ለመቁረጥ ፊርማ?»

«አበባው በነፃ ነው» አለኝ። «ፊርማው ሌላ ነው።»

መጥረቢያው በር ኋላ ቆሟል። ማንኪራ ታች አለ። ፈረምኩ። ስሜን ቀስ ብዬ ስጽፍ አይቶ፣ «ሰርተፍኬት እየተቀበልክ ነው ብለህ አስብ» አለኝ፣ ሳቀም። እኔ አልሳቅኩም።

ሦስት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ነበርኩ፣ አንድ በአንድ፣ ቢጫ ዱቄት ጣቴ ላይ። አባቴ መጥቶ ሥሬ ቆመ። «ዛፍ ታባብላለህ?» አለኝ። አበባውን ከየት አመጣህ አላለም። ምናልባት አውቋል፣ ምናልባት አላወቀም።

ያዘ። ስድስቱም ያዘ። አውራ ጣት አከለ፣ እንቁላል አከለ፣ ቀላ። ቅርንጫፉ እንዳይሰበር በቀርከሃ ደገፍኩት። አባቴ የመጀመሪያውን ቆርጦ፣ በጋቢው ጠርጎ፣ ቆሞ በላ። ዘንድሮ ውሃ አላለም። «ያለ ንብ! ያለ ማንም!» አለ፣ አጥር ወዲያ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። መጥረቢያውን ወስዶ እንጨት ፈለጠበት። እኔ የያዝኩትን አፕል ሳልነክስ ኪሴ ከተትኩት።

በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ስብሰባዬ ነበር። ለአባቴ ደካ ገበያ ዋጋ ልጠይቅ ነው ብዬ ወጣሁ። አምስት ሆነን ጎረቤታችን ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሚስቱ ዶርሴት ከትፋ አቀረበች፣ የሱም በኔ እጅ አፍርቶ ነበር። ስለ እርከን ተወራ፣ ስለ ማዳበሪያ ተወራ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና ወደኔ ዞረ።

«አባትህስ? ቤት ውስጥ ምን ይላል?»

«አፕሉ ጣፈጠኝ ነው የሚለው» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ። እኔ የተናገርኩት አንድ መስመር አይሞላም። እሱ ግን ገጹን ሞልቶ ቀጣዩን ገለጠ።