ጃፓን ፓርክ የሚሄዱት

የአይጥ ልብስ የለበሰ ሰው እጅ ለመጨበጥ ባሕር መሻገር ጅልነት መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሲያትል የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ልጆቹን ካሊፎርኒያ ያለው የልጆች መጫወቻ ፓርክ ወስዶ፣ ፎቶውን ሳሎን ሰቅሎ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሲያወራው ሰልችቶኝ ነበር። እኔ አውሮፕላን የማጸዳበት ኩባንያ ደግሞ ለሠራተኛና ለልጆቹ ነጻ ትኬት ይሰጣል፤ ቶኪዮም ይበራል። ስለዚህ አንድ ዓመት፣ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን ጃፓን ያለው የዚያው ዓይነት ፓርክ ወስጄ የእነዚያን ሁሉ አፍ ላስይዝ ቆረጥኩ።

ዕቅዱን የያዘችው የእህቴ ልጅ ነበረች። እህቴ ስትሞት በፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ልጄ አድርጌ ያመጣኋት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። እማዬ ነው የምትለኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ከመጥረጊያና ከባልዲ ስለማያልፍ የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት። ከላይብረሪ ስለ ፓርኩ መጽሐፍ ተውሳ መጣች፤ ካርታውን በትልቅ ወረቀት ገለበጠች፤ በየትኛው በር ተገብቶ መጀመሪያ ምን ላይ እንደሚወጣ በሰዓት በሰዓቱ ጻፈች። የስምንት ዓመቷን ልጄንና የአምስት ዓመቱን ወንድሟን በሩ ላይ አቁማ ቁመታቸውን በእርሳስ ለካች።

«ሶ፣ እሱ ቁመቱ ለተራራው ባቡር አይደርስም፤ እንዳያለቅስ እኔ ታች አብሬው እቆያለሁ» አለችኝ። «አንቺና እሷ ትወጣላችሁ። ኦኬ?»

ለራሷ የመረጠችው ቦታ ይኼ ነበር፣ ታች መቆም። ይህን ሰምታ አንጀቷን የማይበላት ሴት አለች? አለች። እኔ።

እሷን ትቼ ለመሄድ ምክንያቴ አማቴ ናቸው እል ነበር። ስትሮክ መቷቸው አልጋ ይዘዋል፤ ባሌ ኤቨረት ከተማ ያለ ፋብሪካ ውሎ የሚመጣው ማታ ነው፤ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ውሸቴን ነው። ሊንውድ ያለች ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ እኔ አለሁላቸው ብላኝ ነበር። እውነቱ ቅናት ነው። ልጆቼ ሲወድቁ የሚሮጡት ወደ እሷ ነው፤ ሲስቁም ዞር ብለው የሚያዩት እሷን ነው። ለአንድ ሳምንት እንኳ እኔና የሆዴ ልጆች ብቻችንን እንድንሆን ፈለግኩ። በሙት ልጅ የምትቀና ሴት ምን እንደምትባል እኔ እንጃ።

የትኬቱን ቅጽ ይዤ የገባሁ ቀን ሦስቱም ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ተናገርኩት።

«ኩባንያው ትኬት የሚሰጠው ለወለድኳቸው ብቻ ነው» አልኳት። «አንቺ ከአያታችሁ ጋ ትቆያለሽ።»

በጉዲፈቻ ያመጣኋትም እንደ ወለድኳት እንደምትቆጠር አለቃዬ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነግሮኛል።

የስምንት ዓመቷ ልጄ አላመነችም። በዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ እማዬ ማንበብ አትችልም፣ አንቺ አንብቢው ብላ ቅጹን ከእጄ ነጥቃ ሰጠቻት።

የቤቱን ወረቀት ሁሉ የምታነበው እሷ መሆኗን እንዴት ረሳሁት? ጣቷን በየመስመሩ እያወረደች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ያንኑ መስመር ደግማ ስታነበው አየኋት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙም አልቆየች።

«እውነቷን ነው» አለቻት ለልጄ። «የወለደቻቸው ብቻ ይላል።»

ሁለቱ ልጆቼ አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም። እስክሪብቶ አንስታ፣ የልጆች ስም በሚለው ቦታ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ የሁለቱን ስም ጻፈች። ሦስተኛውን መስመር ባዶ ተወችው። ቅጹን አዙራ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አለችኝ።

ፈረምኩ።