የመብሩካ ስድስት ፓኬጆች

በቱኒዚያ በረሃ፣ በእኛ በቶዘር፣ የተምር እርሻ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራህ ካለፈህ ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቃለህ። የተራውን ዝርዝር የምታትመው ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣችው መብሩካ ናት። የውሃ ማኅበራችን የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አንስታ፣ ማንም በነጻ የሚወስደውን፣ ባዶ ቤት የሚመስል ሲስተም ጫነችበት። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። የሚያስፈልጋትን ስድስት ፓኬጅ፣ ማለትም ትንንሽ ፕሮግራም፣ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች አስገባችና በደብተሯ መዘገበቻቸው። እንዴት እንደምወዳት!

ባለፈው ሐሙስ ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር ዙሃይር እሷ በሌለችበት ገብቶ፣ እንዲያምር ብሎ ባለ ሥዕሉን ገጽታ ጫነ። ያ አንዱ አራት መቶ ፓኬጅ አስከትሎ መጣ። ዲስኩ ሞላ፤ ማተሚያው እንቢ አለ። መብሩካ ስትመለስ ሽማግሌው ሃዲ አካፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ተራቸው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የቦዩ ጠባቂ ደግሞ ዝርዝሩን ሳያይ ውሃ አይለቅም።

"እመቤት መብሩካ፣ ተምሬ ሊደርቅ ነው እኮ!" አሉ።

"እሱን ይጠይቁት! አንድ እንግዳ ጠርቶ ሠርገኛ ሞላብኝ!" አለች ወደ ዙሃይር እየጠቆመች።

"ለውበት ብዬ ነው" አለ ዙሃይር። "ቢያንስ የተምር ዛፉን ሥዕል ተይልኝ።"

"ዛፍ ካማረህ መስኮቱን ክፈት! እጅህን ከማሽኔ ላይ አንሳ!"

ደብተሯን ገልጣ ሁሉንም አጠፋችና ስድስቱን እንደገና አስገባች። ወረቀቱ ሲወጣ ሃዲ ነጥቀው ወደ ቦዩ ሮጡ፤ ተራቸው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ደረሱ። የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም። ሰው ለዓይኑ ብሎ የሽማግሌ ውሃ ሊያስቀር ይደርሳል?