የሐያት ተረከዝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለኢማሙ አልነገርኩም፤ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ደጅ አብረውኝ ለሚቀመጡት ሽማግሌዎችም አልነገርኩም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሰውን ጉድ በደቂቃ የማዳርስ ሰውዬ፣ የራሴን ጉድ ግን አምስት ዓመት ዋጥኩት። ወሬ መያዝ እችላለሁ ለካ!

ሐያት የልጄ የሰሚራ ልጅ ናት። ስትወለድ ምጡ ጠንቶ ቶሎ አላለቀሰችም። ሐኪሞቹ ኋላ ላይ ሴሬብራል ፓልሲ አሉት። አንጎሏ ለእግሯ የሚልከው ትእዛዝ ይዛባል፤ ባቷ ይወጠርና ተረከዟ መሬት አይነካም። በጣቶቿ ጫፍ ነበር የምትሄደው፤ ጥቂት እንደተራመደች ጣቷ መሬት ይጭርና ትወድቃለች። ስለዚህ እግሯ እኔ ነበርኩ። ከቤት እስከ ሐይቁ ዳር አዝያት ስሄድ እኩዮቼ «አያ ይማም፣ መቼ ወለድክ?» ይሉኛል። «ትናንት፤ ወገቤ ገና አልተመለሰም» እላቸዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ስድስት ዓመቷ ላይ ደሴ ወሰድናት። እግሯን በጄሶ ለክተው፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ እስከ ጣቶቿ የሚይዝ የፕላስቲክ መደገፊያ ሠሩላት። በጨርቅ ማሰሪያ ይጠብቅና ጫማ ውስጥ ይገባል። መደገፊያው እንደተደረገላት ተረከዟ ቀድሞ መሬት ነካ። ጣቷ መጫሩን ተወ፤ ጉልበቷ ጸና፤ እርምጃዋ ረዘመ። እውነት ለመናገር ጉድለትም ነበረው። ቁርጭምጭሚቷ ስለማይታጠፍ ቁጢጥ ብላ መነሳት ያቅታታል፤ በሙቀት ቀን ደግሞ እግሯን ያልባታል። ቢሆንም በሳምንታት ውስጥ ብቻዋን ጎረቤት መሄድ ጀመረች።

ሰሚራ ጠዋት ጠዋት አስራላት ጨርቅ ልትሸጥ ገበያ ትሄዳለች። ጠባቂው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ለእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ እጅ እግሬን ስታጠብ፣ «እኔም ልስገድ» አለችኝ። መደገፊያውን ፈታሁላት፤ እግሯን አጠብኩላት፤ አብረን ሰገድን። ስንጨርስ «አባባ፣ ትንሽ ይቆይ» አለች። ቆየ። እስከ አስር ሰዓት ቆየ። እናቷ ልትመጣ ስትል መልሼ አሰርኩት። በማግስቱም ፈታሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፈታሁት። የስድስት ዓመት ልጅ ሶላት ግዴታ እንደማይሆንባት አላውቅም ነበር? ከማንም በላይ አውቃለሁ። ደግሞስ ሶላቱ ካለቀ በኋላ ማን እንዳላስር ከለከለኝ? ለገዛ ጥፋቴ አላህን ሽፋን ማድረጌ ነው።

አሳዘነችኝ ልበላችሁ? ብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲያ ብዬዋለሁ። ላቧ፣ የቀላው ቆዳዋ፣ «ያዝ አድርጎኛል» ማለቷ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ይኸው ልጻፈው። መደገፊያው ከመጣ ወዲህ ሐያት ከእኔ ትሄድ ነበር። «አባባ፣ እነ ከድር ጋ ሄድኩ!» ትልና ወደ ጎረቤት ስትወጣ ዞር ብላ እንኳ አታየኝም። እኔ በራፉ ላይ ባዶ ጀርባዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ስፈታላት ግን «እዘለኝ» ትላለች። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ በፕላስቲክ ቀናሁ። ሰው በሚስት ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፤ የኔው ቅናት ይኸው ነው።

ወራት አለፉ። ባቷ መልሶ ተወጠረ። ተረከዟ መደገፊያው ውስጥ አልቀመጥ ብሎ ቆዳዋ ተላጠ። ደሴ ተመለስን።

«በቀን ስንት ሰዓት ታደርገዋለች?» አለች መደገፊያውን የሠራችላት ባለሙያ።

«ከማለዳ እስከ መኝታ» አለች ሰሚራ። ወደ እኔ ዞራ «አይደል፣ አባባ?»

«ወላሂ፣ አትፈታውም» አልኩ። ጺሜን እያሻሸሁ፣ የአላህን ስም ጠርቼ ዋሸሁ። ሐያት አየችኝና ፈገግ አለች። ምስጢራችንን የጠበቅኩላት መስሏት ነው።

ባለሙያዋ ምናልባት ማሰሪያው እየላላ ይሆናል አለች። በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ሰሚራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «እኔ ነኝ። ለገበያ ስቸኩል አላልቼ እያሰርኩ ልጄን እኔ ጎዳኋት» ብላ አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው አፌ ያን ቀን ምን ነካው? ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ከዚያ እግሯን በጄሶ እያሰሩ፣ በየሳምንቱ እየቀየሩ፣ ቀስ በቀስ ዘረጉት። አዲስ መደገፊያ ተሠራላት። ያን አንድም ቀን አልፈታሁም። ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ተረከዟ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አይወርድም። ልጅ ሲያድግም ባቱ ሊወጠር ይችላል ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ መሸሸግ እችል ነበር፤ አልሸሸግም።

ሰሚራም እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ማሰሪያውን ሦስቴ ትጎትተዋለች። «ጠብቋል? እርግጠኛ ነሽ?» ትላለች። «እማ፣ እግሬን ልትቆርጪው ነው እንዴ!» ትላታለች ሐያት። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ይህ ሳቄ ከዚያ የውሸት መሐላዬ አይተናነስም።

ሐያትን አውፍ በይኝ ብላት ሳልጨርስ ይቅር ትለኛለች። ለጓደኞቿ «አባባማ ያዝንልኝ ነበር» እያለች ነው የምታወራው። ስታድግ ይህን ታንብበውና ራሷ ትፍረድ። እናንተም ይቅርታ አታድርጉልኝ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ሰሚራ ልጄ፣ አላላሽውም። በደንብ አስረሽው ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ።