ከቀለሙ በፊት

ከዚራ ሰፈር ውስጥ በለጠችን የማያውቅ ሰው እንኳ ሳሎኗን ያውቃል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራዋ ሲደርስ፣ ሳሎኑን ቀለም ታስቀባዋለች። ማኅበርተኛው ሁሉ እያደነቀ ይወጣል። ቤቱ ግን ያረጀ የድንጋይ ቤት ነው፤ ውስጡን ለቄስ። የኋላው ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። እንግዳ የማያየውን ቀዳዳ ማን ቸኩሎ ይደፍናል? እኛስ ብንሆን? በእሷ ብቻ መፍረድ ደግ አይደለም።

ችግሩ፣ በኋላው ክፍል የሚተኛው ባሏ ተሰማ ነው። በምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት በግንበኝነት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን አስም ይዞታል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሹ ይረጥባል፣ ሽማግሌው ትንፋሽ እያጠረው ቁጭ ብሎ ያነጋል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣ። «በዚህ እርጥበት ሌላ ክረምት አይችሉም» አለችው ሐኪሟ፣ በለጠች እየሰማች።

ሰኔ ሲገባ ግንበኛውን አብዱላሂን አስጠራችው። ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየ፣ የዛገውን አሸንዳ ነካካ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ክፍል ዞሮ የውጪውን ልስን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። ልስኑ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ረጥቦ ጠቁሯል።

«እማማ፣ ይሄን ሲሚንቶ ማን ነው ያስለሰነው?»

«እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለልጄ ለስምረት ሠርግ፣ ድንኳኑ በጓሮ ሲተከል። የድሮው ኖራ እየረገፈ ሲያሳፍረኝ።»

«ወላሂ ጥፋት ነው የሠራሽው። ኖራ ውሃ ቢገባበትም መልሶ ያስወጣል። አንቺ በሲሚንቶ ስትደፍኚው ውሃው ውስጥ ቀረ። ስሚኝ፣ መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳው፣ ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ከዚያ ይሄን ሲሚንቶ አንስተን በኖራ እንለስናለን። ቀለም መጨረሻ ነው።» መዶሻውን አስቀመጠና፣ «ግን አቦ፣ ይሄን እኮ ያስተማረኝ አባባ ተሰማ ነው። እሱ አልነገረሽም?»

በለጠች ወደ ውስጥ ገባች። ተሰማ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ሰምቷል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ሦስት ክረምት ሙሉ እንዲህ ስትሆን፣ ምነው ዝም አልክ?»

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። «ልጃችን ግሩም ከሞተ ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ ያን የሠርግ ሰሞን ነው። አዲሱን ግድግዳ እየዳበስሽ ትስቂ ነበር። እንዴት አድርጌ አፍርሺው ልበልሽ?»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሳች። የማኅበር ተራዋን ዘንድሮ ለሌላ እንዲሰጡላት ጎረቤቷን ልካ አስነገረች። ከዚያ አብዱላሂን ጠርታ፣ ሶፋውን አስወጥታ፣ የተሰማን አልጋ ሳሎኑ መሐል አስገባች። ተሰማ «የእንግዳ ቦታ ነው» እያለ ቢያጉረመርም አልሰማችውም።

አብዱላሂ መሰላሉን ወደ ጣሪያው ሲያስጠጋ ከኋላው ክፍል በኩል የመዶሻ ድምፅ ሰማ። ዞሮ ሲያይ፣ በለጠች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሲሚንቶውን ትመታለች። ፊቷ አቧራ በአቧራ ሆኗል።

«እማማ፣ መጀመሪያ ጣሪያው ነው ብዬሽ የለ?»

«አውቃለሁ» አለች፤ መምታቷን ግን አልተወችም።