ብስክሌት ያስጾምሁበት ክረምት

ከዲማ የወጣሁት ሐምሌ በገባ ሰሞን፣ ወፍ ሲንጫጫ ነው። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ጥቂት ፋታ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹን ለእናቴ ሰጠኋት። ሁለቱም ተኝተዋል። ቢነቁ እግሬ እንደማይነሳ ስለማውቅ ሳልስማቸው ወጣሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «እመቤታችን ትከተልሽ» አለች። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም፤ እኛ ቤት ወሬ አይበዛም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጣልያን የልጆቼን አባት «ለአርበኛ እህል ሰጥተሃል» ብሎ ይዞት፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ድንጋይ ያስፈልጠዋል አሉኝ። መስጠቱስ እውነት ነው። የእስረኛው ሰፈር ወጥ ቤት መኮረኒ የሚሉትን ነገር በሥጋ መረቅ ቀቅሎ ያድላል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው። የልጆቼን አባት እናንተ ዲማ ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ ዳዊት ሳይደግም ውሃ የማይቀምስ ሰው ነው። ጾሙን ከሚሽር በረሃብ ይሞታል። ዘመድ ስንቅ ካላቀበለው አለቀለት። ስለዚህ ሄድሁ።

በቁይ ከተማ በኩል አድርጌ ደብረ ማርቆስ ስገባ መጀመሪያ ያወቅሁት ብርዱን ነው። ዲማም ይዘንባል፤ እዚህ ግን ዝናቡ ላይ የጮቄ ተራራ ንፋስ ይጨመርበታል። ሁለተኛ ያወቅሁት የሰዉን ሰላምታ ማጠር ነው። እኛ አገር ከብቱ፣ አዝመራው፣ የጎረቤቱ ሕመም ሳይጠየቅ «እንዴት አደራችሁ» አያልቅም። እዚህ «ደህና» ብለውሽ ያልፋሉ። ሌላው የዲማ ሰው በዚህ ያዝናል፤ እኔን ግን ተስማማኝ።

ያስጠጉኝ እሜቴ የሽመቤት የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ኪራዩ እህል መፍጨት ነበር። ሲነጋ ኪዳን ደርሼ፣ ፈጭቼ፣ ስንቅ ቋጥሬ ስነሳ ፀሐይዋ፣ ካለች፣ ከፍ ብላለች። ድንጋይ መፍለጫው ደግሞ ሩቅ ነው። በሩ ላይ ስንቅ የሚቀበሉት የቀትሩ ጡሩምባ እስኪነፋ ብቻ ነው። በጭቃ እየሮጥሁ ሁለት ጊዜ ስንቁን ገና ሳቀብል ጡሩምባው ጆሮዬ ሥር ተነፋ። በሦስተኛው እንደሚቀድመኝ አወቅሁ።

በዚያው ግቢ ተስፋይ የሚባል ከአሥመራ የመጣ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የራሱ ብስክሌት ከጣሪያው ሥር እንደ ቋንጣ ተሰቅላለች።

«አቶ ተስፋይ፣ ይህች ክረምቱን ምን ትሠራለች?»

«ትተኛለች፣ እሜቴ። ቢቺክሌታ በዝናብ አይነዳም።»

«ማን ከለከለ?»

«ጭቃው፣ ብርዱ፣ ደግሞም ልብ ያለው ሰው ሁሉ።»

«እኔ ባለጉዳይ ነኝ» አልሁት።

ሳቀ፤ ግን አወረደልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እጓሮው ሣር ላይ እየያዘ አስተማረኝ። ተስፋይ «ፔዳል! ፔዳል!» ይላል፤ እሜቴ የሽመቤት ከደጃፋቸው «አንቺ የዲማ፣ ስትወድቂ ጎመኑን አትንኪብኝ!» ይላሉ። እኔ ጎመኑን ነካሁ። ደጋግሜ ነካሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ቆምሁ፤ ማለቴ ሳልወድቅ ሄድሁ።

ማታ ብስክሌቷን ቤት ላስገባት ስል እሜቴ የሽመቤት በሩን ያዙ።

«እኔ ያስጠጋሁት ሰው ነው። ይህች ላም ናት ጥጃ?»

«ውጭ ካደረች ትዝጋለች፣ እሜቴ።»

«አንቺም ትዝጊያለሽ፤ እኔም ዝጌአለሁ። እግሯን ታጥባ ትግባ!»

እግሯን አጥቤ አስገባኋት።

በክረምት ብስክሌት መንዳት እንዴት እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ይህን እላለሁ። ቀሚስን በመቀነት ከጉልበት ላይ ማሠር ነው። ጣትን በጨርቅ መጠቅለል ነው፤ ያለዚያ ፍሬኖ የሚሉትን ማቆሚያ መጨበጥ አይቻልም። ከሣር የተሠራ ገሳ መልበስ ደግሞ ሲዘንብ ጥሩ፣ ሲነፍስ መጥፎ ነው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ንፋሱ ገሳዬን ከፍቶት እንደ አሞራ ሳበኝ፤ የማንን ባቄላ እንደጨፈለቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይቅር ይበለኝ። የዋልካው ጭቃ ጎማው ላይ ሲጣበቅ በእንጨት እየፋቁ መሄድ ነው። መቆም ግን ጥሩ አይደለም፤ የቆመ ሰው ይበርደዋል፤ የሚሄድ ሰው ይሞቀዋል።

እኔ ደግሞ እቆም ነበር። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ይወርዳል፤ ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል። ብስክሌት በቅሎ አይደለችም ያለኝ የለም። ወርጄ እሳለማለሁ፤ ወርጄ እጅ እነሳለሁ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ፈሩኝ። ኋላ ግን ከሩቅ ሲያዩኝ «አትውረጂ! ይቅርብሽ! ሂጂ፣ ሰውዬው ራበው!» እያሉ በዱላቸው መንገዱን እያሳዩ ማሳለፍ ጀመሩ።

በበሩ ላይ ማረሻሎ የሚሉት አንድ ወፍራም የጣልያን ሹምና አንድ ጎልማሳ አስተርጓሚ ይቆማሉ። መጀመሪያ ቀን በብስክሌት ስደርስ ማረሻሎው አፉን ከፈተ።

«ከማን ሰረቅሽ ይልሻል» አለኝ አስተርጓሚው።

«በዚህ ዝናብ የሚሰርቅ ሌባ የለም፤ ሌባም ቤቱ ይሞቃል በለው።»

ረዥም ነገር ተናገረ። ማረሻሎው ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አልኸው?»

«ጣልያን ያመጣውን ሥልጣኔ ታደንቃለች አልሁት።»

«ዋሸህ።»

«ዋሸሁ። አገልግሉን ስጭኝ።»

በአጥሩ ሽቦ ማዶ የልጆቼ አባት ቆሞ አየኝ። ብስክሌቷን አየ። እንደገና እኔን አየ። «በስመ አብ» ብቻ አለ። ያሳለው ነበር፤ አጥንቱ ወጥቷል። ስንቁን ግን እንደ ወትሮው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታቅፎ ጾሞ፣ ጸልዮ፣ ለጎኑ ሰው ቆርሶ ይበላል።

ተስፋይ «ከዝናብ በተመለስሽ ቁጥር ሰንሰለቷን ጠርገሽ ቅባት ቀቢያት» ብሎ አዞኝ ነበር። ግራሶ የሚሉትን የፈረንጅ ቅባት እሜቴ የሽመቤት «የአሳማ ስብ ነው» ስላሉ አልነካሁትም። ሐምሌን ቅቤ ቀባኋት፤ እንደ ሙሽራ ሄደችልኝ። ነሐሴ ገባ። እጄ ቅቤ ነክቶ የፍልሰታ ስንቅ ሊቋጥር ነው? አይሆንም። ኑግ ዘይት ቀባኋት። ለጥቂት ቀን ደህና ነበረች። ከዚያ ዘይቱ እንደ ሙጫ ያዘ። ጭቃውንም ገለባውንም ሰበሰበ። እኔ በየማታው «ከበዳት» እያልሁ ኑግ እጨምርላታለሁ።

አንድ ቀን ዳገቱ መካከል ሰንሰለቷ ድርቅ አለች። ብረግጥ አትሄድም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አገልግሉን በራሴ፣ ብስክሌቷን በትከሻዬ አድርጌ ወጣሁ። አቀበቱን ጨርሼ በሩ ሲታየኝ ጡሩምባው ተነፋ።

«አንዴ፣ አንዴ ብቻ» አልሁ።

«ባስታ» አለ ማረሻሎው።

አስተርጓሚው መሬት መሬቱን እያየ «አልቋል ነው የሚልሽ» አለኝ። የልጆቼ አባት በሽቦው ማዶ በእጁ «ሂጂ፣ ግድ የለም» አለኝ። በዚያ ቀን መኮረኒ ሰጥተውታል፤ አልበላም። አገልግሉን እንደ ሞላ ይዤ ተመለስሁ። ድንጋይ ተሸክሜ አውቃለሁ፤ እንደዚያ አይከብድም።

ተስፋይ ሰንሰለቷን በጣቱ ነካ፣ አሸተተ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኑግ። ጾም ነው።»

«እሜቴ፣ እሷ ምን በደል ሠርታ ነው የምታስጾሟት?»

ሌላው ቢስቅም እኔ ግን እዚህ የያዝኋቸውን ነፍስ አባቴን ሳልጠይቅ ጾም አላፈርስም። በማግስቱ ከኪዳን በኋላ አባን ጥግ ይዤ «አባ፣ የብስክሌት ሰንሰለት ቅቤ ቢቀባ ጾም ይሻራል?» አልኋቸው።

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ አሰቡ።

«ትቆርባለች?»

«ኧረ አባ!»

«ንስሐ ገብታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያ ከእኔ ልጆች አይደለችም፤ ቀቢያት።»

«እጄስ አባ? ስንቁን በእጄ ነው የምቋጥረው።»

«ታጠቢያ! ውሃ ያጣሽው በነሐሴ ነው?»

በአመድ ውሃ አጥቤ ኑጉን አስለቀቅሁት፤ ቅቤ ቀባኋት፤ እጄን እስኪቀላ ታጠብሁ፤ ስንቅ ቋጥሬ ወጣሁ። ግን ያላሰብሁት ነገር መጣ። ቅቤው ሸተታቸውና የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ተከተሉኝ። ፔዳሉን እንደዚያ ረግጬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑን ሳልወርድ አለፍሁ፤ አማትቤ ብቻ። ሽማግሌዎቹ «አበጀሽ! ንጂ!» አሉ። በሩ ስደርስ ጡሩምባ ነፊው ገና ቁርሱን ይበላ ነበር። ማረሻሎው ውሾቹን ቆጥሮ አንድ ነገር ተናገረ።

«አጃቢ አበዛች ይልሻል» አለ አስተርጓሚው።

የልጆቼ አባት ከንፈሩ ደርቋል። «ትናንት ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ኑግ።»

«ኑግ?»

«ኋላ እነግርሃለሁ። ያዝ።»

ከዚያ ወዲያ ጡሩምባው ቀድሞኝ አያውቅም። ውሾቹ ይመስገኑ፤ ከሁሉ በላይ ግን እመቤታችን። ፍልሰታን በሰላም ፈታን።

ጳጉሜን ላይ ማረሻሎው ራሱ ጠራኝ። «ይህ ሰው ያስላል እንጂ ድንጋይ አይፈልጥም፤ ውሰጂው ይላል» አለ አስተርጓሚው። ተንበርክኬ መሬት ሳምሁ። «ግን ከከተማው እንዳይወጣ። በየቅዳሜው እዚህ መጥቶ ይታይ። ቢጠፋ የዲማ ሰው ይያዝበታል።»

«ልጆቻችን ዲማ ናቸው በለው።»

አስተርጓሚው አየኝ። በዚያ ቀን ምንም አልጨመረም፤ ያልሁትን ብቻ ነገረው። ማረሻሎው «ባስታ» አለ። ይህን የሚተረጉምልኝ አላስፈለገኝም።

የልጆቼን አባት ከኋላዬ አስቀመጥሁት። ይዘንባል። ገሳዬን ለሁለት ለበስነው። «ቀስ በይ» ይለኛል፤ «ድንጋይ አለ» ይለኛል፤ «እባክሽ ልውረድና ልሂድ» ይለኛል። ካገባሁት ጀምሮ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ወርደን ተሳለምን። ብዙ ቆየን።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ከተማው ይገባል፤ ሌላው በቁይ አድርጎ ወደ እናንተ ይሄዳል። እዚያ ስንደርስ ትከሻዬን ያዘ። ፔዳሉን አቆምሁ።

«ይህች ነገር» አለ ከጀርባዬ፣ «ዲማ ድረስ ትሄዳለች?»

በልጆቻችን ፊት እንዲህ ተጭነን ብንደርስ እንዴት እንደሚስቁ ታየኝ።

«ትሄዳለች» አልሁት።

ቅዳሜ ግን በሩ ላይ መታየት አለበት። እኔም እጀታውን ወደ ከተማው አዞርሁ።